ከግድግዳው ማዶ ያለው አልጋ

ማሽን ከወለል ጋር የሚያስር ሰው የሙያ ስም የለውም። አናጢው አናጢ ይባላል፣ በያጁም በያጅ፤ የማሽን እግር ከኮንክሪት ጋር በቡሎን አጣብቆ የሚሄደውን ሰው ግን ምን ብለው እንደሚጠሩት ግራ የገባቸው ደንበኞቹ፣ ሥራውን ትተው ከአፉ የማይጠፋውን ቃል ስም አደረጉለት። የመጨረሻውን ቡሎን አጥብቆ ሲጨርስ ወገቡን ይዞ ቀና ይልና፣ "ከእንግዲህ ንቅንቅ አይልም" ይላል። አባ ንቅንቅ ሆኖ ቀረ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ብሎ የተከራከረ አልተገኘም፤ ቅጽል ስም የሚያወጣ ሰው ለእንዲህ ያለው ጥንቃቄ ጊዜ የለውም።

ሙያውን ያስተማረው ሰው የለም። በጉርምስናው የተቀጠረበት እንጨት ቤት ውስጥ አንድ መጋዝ ነበር፤ ሲያስነሱት እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ ወደ በሩ የሚጓዝ። ሠራተኞቹ ጣውላቸውን ተሸክመው ማሽኑን እየተከተሉ ይቆርጡ ነበር ይባላል። ወሬ ነውና ትንሽ ተጋኖ ይሆናል፤ መጋዙን አደብ ያስገዛው አባ ንቅንቅ መሆኑ ግን አልተጋነነም። ከዚያ ወዲህ የሚሄድ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል።

እውነት ለመናገር ሥራውን ያውቀዋል። ላይ ላዩን የሚያብረቀርቀው ሊሾ ለእሱ ወለል አይደለም፤ "ሊሾ ፊት ላይ የተቀባ ቅባት ነው፣ አጥንቱን ፈልግ" ይላል። ድሪሉ ሊሾውን አልፎ ከሥር ያለውን ኮንክሪት ሲነክስ ድምፁ ይወፍራል፤ አባ ንቅንቅም ጆሮውን የሚያቀናው ያኔ ነው። ጉድጓዱን ከበሳ በኋላ በብስክሌት መንፊያ እየነፋ አቧራውን ጠርጎ ያወጣዋል፤ አቧራ የዋጠ ጉድጓድ ቡሎን አይጨብጥምና። ሁሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ማሽኑን ያስነሳና፣ ጫማና ካልሲውን አውልቆ በባዶ እግሩ አጠገቡ ይቆማል። የውስጥ እግሩን ካልነዘረው ሥራው አበቃ። የቆዩ ደንበኞቹ እጁን ወደ ካልሲው ሲሰድ ሲያዩ መስኮት መክፈት ለምደዋል።

አመሉ ቤቱንም አልማረም። የምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች ሳይቀሩ ከወለሉ ጋር ታስረዋል። አማቱ ለጥየቃ መጥተው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሊስቡ ቢታገሉ ቢታገሉ እምቢ ሲላቸው፣ "ልጄ፣ እኔስ አቅሜ አልቋል" ብለው ዕንባ ተናነቃቸው።

"አይዞሽ እማዬ፣ አቅምሽ ደህና ነው" አለች ሚስቱ። "ያለቀው የባሌ ጤና ነው።"

አንዲት ልጅ አለችው። እሷም ከብረት አልራቀችም፤ የበርና የመስኮት ማጠፊያ የሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥራ ስትሠራ ቆይታ፣ ከእንግዲህ ለራሴ እሠራለሁ ብላ ወጣች። አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ቦታሽን ለሰው አልሰጠውም፤ ትመለሻለሽ" አላት። ሰውየው በደግነት ይበለው በንቀት አልታወቀም፤ ቃሉ ግን እንደ ስንጥር ውስጧ ተሰክቶ ቀረ። ትልልቅ ማሽን የሚያስነሳ የመብራት መስመር የገባለት ክፍል እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። ጫማዋ እስኪያልቅ ዞራ አንድ አገኘች። በአንድ ጊዜ በፈሰሰ ረጅም የኮንክሪት ወለል ላይ ከተደረደሩት ክፍሎች የጥጉ ነው። ከግድግዳው ማዶ አከራይዋ እትዬ ከባላቸው ጋር ይኖራሉ። ባልየው የሌሊት ዘበኛ ናቸው፤ ሰው ሲነሳ እሳቸው ይተኛሉ።

ልጅቷ ክንዱ እየተነሣ እየወረደ ላሜራ የሚበሳ፣ ያገለገለ ከባድ ማሽን ገዛች። አባ ንቅንቅም የልጁን ማሽን እንደ ሰው ማሽን አላሰረውም። ለሌላ ሰው ከሚያስገባው የወፈረና የረዘመ ቡሎን አመጣ። መፍቻው ላይ ቧንቧ ቀጥሎ ማስረዘሚያ አበጀለትና በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት።

"አባዬ፣ የት ያመልጣል ብለህ ነው?"

"እሱስ አያመልጥም። አንቺም ከዚህ የሚያነቃንቅሽ እንዳይኖር ነው።"

ማሽኑ ተነሳ፣ ላሜራው ተበሳ፣ ካልሲው ወለቀ። ምንም የለም። ወለሉ ዝም ያለ ነው። አባ ንቅንቅ ያቺን የተለመደች ቃሉን ተናግሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ እትዬ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ።

"ልጄ፣ ድምፁን አልጠላሁም" አሉ። "ባለቤቴም ቢሆኑ የባቡር ሐዲድ ዳር ነው ያደጉት፤ ጆሯቸው ሥር ቆርቆሮ ብትቀጠቅጪ አይሰሙሽም። አልጋው ነው። አልጋው ይዘላል።"

"እንዴት ነው የሚዘለው እትዬ?"

"እንደ ፍየል ነዋ። ትናንት ግድግዳው ሥር ተኝተው በሩ ጋ ነቁ።"

አባ ንቅንቅ ሲነገረው ሳቀ። ቡሎን የላላ መስሎት ቧንቧውን ይዞ መጣና እንደገና አጠበቀው። ባሰ። ከጎን ሁለት ተጨማሪ ቡሎን ጨመረ። ጭራሽ የእትዬ ብርጭቆዎች ከመደርደሪያቸው እየተገፋፉ መውረድ ጀመሩ። እሱ ግን በባዶ እግሩ ማሽኑ አጠገብ በቆመ ቁጥር ምንም አይሰማውምና፣ "ሴትዮዋ ኪራይ ሊጨምሩ ፈልገው ነው" ብሎ ደመደመ።

ኪራይ አልነበረም። ለእትዬ ከእንቅልፉ የባሰው ወሬው ነው። የእነ እትዬ አልጋ በጠራራ ፀሐይ ይንቀጠቀጣል የሚለው ወሬ ግቢውን አዳርሶ መንገድ ተሻግሯል። ውሃ ቧንቧው ጋ ሲደርሱ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ትተው ቦታ ይለቁላቸዋል። "እትዬ፣ ዘንድሮስ ፊትዎ ጠራ" ይሏቸዋል። አንዷማ ደፍራ ባልየው ምን እየበሉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ለራሷም ባል ልታበላው ነው።

ያን ዕለት እትዬ የልጅቷ በር ላይ ቆመው ቁርጡን ተናገሩ። ወሩ እስኪያልቅ ድረስ አልጋው ካልቆመ ክፍሉን ትልቀቅ። ሌላ ተከራይ እንዳለም አልደበቁም።

ልጅቷ ማሽኑን አጥፍታ ቁጭ አለች። ያን መስመር የያዘ ሌላ ክፍል እንደሌለ ዞራ አይታዋለች። ከዚህ ከወጣች የቀራት መንገድ ወደ ፋብሪካው በር የሚወስደው ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ያ ሰውዬ ቆሟል።

አባቷ ሲመጣ ቧንቧውን ገና ከትከሻው ሳያወርድ፣ "አታጥብቅ" አለችው።

"ታዲያ ላላላው?"

"አላውቅም። አንተ ግን ሁልጊዜ የምትጠይቀው ማሽኑን ነው። ጎረቤቱን ጠይቀህ ታውቃለህ?"

"ጎረቤት ምን ያውቃል ስለ ቡሎን?"

"ስለ ቡሎን አይደለም። ናማ፣ ሄደህ ትተኛለህ።"

አባ ንቅንቅ በዕድሜው ብዙ ነገር ታዟል፤ ሄደህ ሰው አልጋ ላይ ተኛ ያለው ግን አልነበረም። ልጁ እየጎተተች ወሰደችው። ዘበኛው አልጋው ጫፍ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ዓይናቸው ደም መስሎ ተቀምጠዋል። ጉዳዩ ሲነገራቸው ምንም ሳይደንቃቸው ጥግ ያዙለት።

"ይምጡ ወንድሜ፣ ጫማዎን ያውልቁና ጋደም ይበሉ" አሉት። "በቀኝዎ ይተኙ፤ በግራ ከሆነ ልብ ላይ ይመጣል።"

እትዬ በሩን ዘጉ። ወሬ የሚያነሳ ዓይን እንዳያይ ነው፤ አሁን ደግሞ ሁለት ወንድ አልጋቸው ላይ ተጋድሟል።

ከማዶ ልጅቷ ማሽኑን አስነሳች። ክንዱ ወረደ። አባ ንቅንቅ በመጀመሪያ የሰማው በጥርሱ ነው። ቀጥሎ ራስጌው ነዘረው፣ ከዚያ ጎድኑ፣ ከዚያ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ቦታ ተለዋወጠ። ክንዱ በወረደ ቁጥር የአልጋው እግር ሸርተት፣ ሸርተት ይላል። አጠገቡ ዘበኛው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለምደውት፣ ከአልጋው ጋር አብረው ይነጥራሉ።

"ይኸውልዎ" አሉ በመሀል፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። "ጀልባ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ዋና አልችልም፣ ባሰብኝ።"

አባ ንቅንቅ አልሳቀም። ጣሪያውን እያየ ያስብ ነበር። ማሽኑን ከወለሉ ጋር አንድ አካል አድርጎታል፤ ያ ነው ሥራው፣ ያ ነው ኩራቱ። ወለሉ ግን እዚያ ክፍል በር ላይ አያበቃም። በግድግዳው ሥር አልፎ እዚህ ድረስ ይመጣል። እሱ ቡሎን ባጠበቀ ቁጥር ምቱ መሄጃ እያገኘ፣ ማሽኑን ጸጥ አድርጎ የሰው ጎን ሥር ይገባል። ስንቱን ማሽን እንዲህ አስሮ ወገቡን ይዞ እንደወጣ ማሰብ ጀመረ። ከእያንዳንዱ ግድግዳ ማዶ ማን ተኝቶ እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቀም።

ልጅቷ አጥፍታ ስትመጣ አባቷ ገና ተጋድሟል።

"እንዴት ነው?" አለችው።

"ምቱ ግድግዳውን የሚሻገረው እኔ ባጠበቅኩት ቡሎን ነው" አለ። ከዚያም ተነሥቶ ጫማውን እያጠለቀ ወደ እትዬ ዞረ። "እትዬ፣ ወለልዎን ልቆፍረው ነው።"

"ምን አሉኝ?"

"ማሽኑ ካለበት ቦታ ወለሉን ቆርጬ አወጣዋለሁ። ጉድጓድ ቆፍሬ ለብቻው ወፍራም ኮንክሪት አፈስለታለሁ። ማሽኑ በዚያ ላይ ይታሰራል። ኮንክሪቱ ግን ከቤቱ ወለል ጋር አይነካካም።"

"እኔ ልጅቷ ትውጣ አልኩ እንጂ ቤቴን አፍርሱት አልኩ?" አሉ እትዬ።

ዘበኛው ከብርድ ልብሱ ውስጥ ራሳቸውን አወጡ። "ይቆፍሩት" አሉ። "ቤቱ ቢፈርስ ፍርስራሹን እጠብቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። እንቅልፍ ግን ከየትም አላመጣም።"

እትዬ ባላቸውን አዩ፣ አልጋውን አዩ። የውሃ ቧንቧው ሴቶች ትዝ አሏቸው መሰል፣ "ወሩ እስኪያልቅ ነው ያልኩት፤ ቀን አልጨምርም" ብለው ወጡ።

ሥራው ሲጀመር አስቸጋሪው ቁፋሮው አልነበረም፤ ቡሎኖቹ ናቸው። አንዱም አልፈታ አለ። አባ ንቅንቅ ቧንቧውን ገልብጦ ተንጠለጠለ፣ ተራገጠ፣ ላቡ ሊሾው ላይ ተንጠባጠበ።

"ማነው እንደዚህ ያሰረው?" አለች ልጁ፣ ግድግዳ ተደግፋ።

"አንድ ግትር ሰውዬ ነው። እንዳትጋብዢው ሁለተኛ።"

በመጨረሻ በግራይንደር ቆረጣቸው። የብረቱ ብልጭታ ሲረግፍ ፊቱን ወደ ጎን ያዞረው ለዓይኑ ብቻ አይመስልም። ወለሉን በዲስክ ዙሪያውን ቆረጡ፣ ሰባበሩ፣ ቆፈሩ፣ አፈሩን ደበደቡ። የጉድጓዱን ግድግዳ በአሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ ለበጡት፤ አዲሱ ኮንክሪት አሮጌውን እንዳይነካ ነው። ኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባውን ፌሮ ሲያስር ግን የአባ ንቅንቅ እጅ እንደ ልማዱ አንዲቷን ጫፍ ጎማውን አሳልፎ ወደ አሮጌው ወለል ሰደዳት።

ልጁ እጁን ያዘችው። "አባዬ።"

"ለጥንካሬ ነው። አንድ ፌሮ ምን ይላል?"

"አልጋ ይላል።"

እሱ ጉድጓዱን አየ። ምንም ነገር ብቻውን እንዲቆም ትቶ አያውቅም፤ ብቻውን የቆመ ነገር ሁሉ ወደ በሩ የሚሄድ ይመስለዋል።

"ይወድቃል ብዬ ነው" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አይወድቅም። ሥሩ ወፍራም ነው፣ አንተው ነህ የቆፈርከው።"

ፌሮዋን አጥፎ መለሳት። ኮንክሪቱ ፈሰሰ፣ ውሃ እየጠጣ ከረመ፤ አባ ንቅንቅ እየመጣ በጣቱ ይኳኳዋል፣ ልጁም "አትንካው" እያለች ትመልሰዋለች። ጠንክሮ ማሽኑ ሲታሰርበት ወሩ ሊሞት አንድ ሐሙስ ቀርቶታል።

ልጅቷ ማሽኑን ያስነሳችው ዘበኛው ከሥራ ገብተው ከተኙ በኋላ ነው። ክንዱ ወረደ፣ ተነሣ፣ ወረደ። የተበሱት ላሜራዎች በሳጥኑ ውስጥ መቆለል ጀመሩ። ከማዶ ምንም የለም፤ መልካም ይሁን ክፉ የሚናገር የለም። አባትና ልጅ ሳይተያዩ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው ቆዩ።

እትዬ በስተመጨረሻ መጡ። በእጃቸው ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዘዋል። ማሽኑን ቆመው ሲያዩት፣ ልጅቷ አጠፋችው።

"አታጥፊው፣ ዝም ሲል ይነቃሉ" አሉ። "ይህን ውሃ ራስጌያቸው አስቀምጬ ስጠብቀው ነበር። አልፈሰሰም፤ ጠማኝ።" ጠጡትና አፋቸውን ጠረጉ። "ያ ክፍሉን ሊያይ የነበረው ሰው ነገ ይመጣል። ተይዟል እለዋለሁ።"

ልጅቷ ማሽኑን መልሳ አስነሳች። ላሜራ አስገባች፤ አባቷም መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ አባ ንቅንቅ አዲስ አመል አወጣ። የትም ለሥራ ሲጠራ ድሪሉን ከመሰካቱ በፊት የጎረቤትን በር ያንኳኳና፣ "ይቅርታ፣ አልጋችሁ በየት በኩል ነው?" ይላል። አንዲት ሴት በመጥረጊያ አባረረችው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ አልጋውን ሊገዛ የመጣ መስሏቸው ዋጋ ጠሩለት። ወሬው እየተቀባበለ፣ በየአፉ እየወፈረ ሚስቱ ዘንድ ደረሰ።

"አንተ ሰውዬ" አለችው፣ የጎረቤት ልብስ እየሰፋች። "የሰው አልጋ ላይ ካልተጋደምኩ ይላል እያሉህ ነው።"

"ለሥራ ነው።"

"እሱንማ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው።"

ደክሞት ነበርና ጓዳ ገብቶ አልጋው ላይ ጋደም አለ። ጋደም እንዳለ አንድ ነገር ጎኑን ነዘረው። ቀጭን ነው፣ ሥሥ ነው፤ ይመጣና ይቆማል፣ ይመጣና ይቆማል። የልብስ ስፌት መኪናዋ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ተኝቶ አንድም ቀን አልሰማውም።

መኪናው ቆመ። "ረበሽኩህ እንዴ?" አለች ሚስቱ ከወዲያ።

"ኧረ ስፊ" አለ፣ መዳፉን ፍራሹ ላይ ዘርግቶ። "ስፊ፣ እየሰማሁሽ ነው።"