በዋልካ መሬት ላይ መብራት መትከል

አዛናው የግቢ መብራት ሽቦ ሊቀጥል ሲል ስርጉትን ውሃ አምጪ ይላታል። ውሃው ለምን እንደሚያስፈልግ ነግሯት አያውቅም፤ ደግሞም አያስፈልግም። ጄሪካኑን ሞልታ ስትመለስ ሽቦው ተቀጥሎ፣ አፈር ለብሶ፣ እሱ ጉልበቱን እያራገፈ ይቆያታል። በገንዳ ውሃ ከተማ እሱ መብራት በተከለበት ግቢ ሁሉ ቦዩን የቆፈረችው እሷ ናት፤ ከአጥር ሥር፣ ከአበባው መደብ ዳር፣ ከበር እስከ በረንዳ። ከበለሳ ለሰሊጥ አረም ወርዳ ማጎንበስ ስለሰለቻት ነበር ሙያ ልማር ብላ የተጠጋችው። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳጎነበሰች ናት።

እኛ አገር ሙያ የሚሰጠው እንዲህ ነው። ባለሙያ ነኝ ባዩ ጀርባውን ያዞራል፤ ተማሪው ትከሻውን ሲያጠና ይውላል። ይኼንንም ማስተማር ብለን እንጠራዋለን፤ አናፍርም። ስርጉት ስትጠይቀው አዛናው ፈገግ ብሎ፣ አሥራ ሁለት ቮልት ሰው አይነዝርም፣ እሱን ካወቅሽ ይበቃሻል ይላታል። እሷ የፈራችው ንዝረት አልነበረም። ቆፋሪ ሆኖ መቅረትን ነበር።

በሚያዝያ አዛናው ለሥራ ወደ አብርሃ ጅራ ከተማ ሄደ። ፔንሲዮን ያላቸው እትዬ ሳጂዳ ደግሞ ለግቢያቸው መብራት ቸኩለዋል። ስርጉትን አስጠርተው፣ ሥራዋ ክረምቱን ከተሻገረ አዲስ የሚያሠሩትንም ግቢ ለእሷ እንደሚሰጧት ነገሯት። እሺ አለች። ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ማንን ያቅተዋል? ዋልካው በበጋው ክንድ የሚያስገባ ንቃቃት ከፍቶ ስለነበር ቦይ መቆፈሩንም ተወችው። ሽቦውን በንቃቃቱ ሰድዳ፣ የሰሊጥ መኪና ሸራ እንደሚወጠር ወጥራ፣ አፈር መለሰችበት። ከኒሙ ዛፍ ሥር መብራቶቹ ቦግ አሉ። ፔንሲዮኑ የሚያድሩት ሹፌሮች ወንበር እያወጡ ተቀመጡ። በማግስቱ መንገድ ላይ "ባለመብራቷ" ተብላ ተጠራች።

የመጀመሪያው ዝናብ ዋልካውን አሳበጠው። ንቃቃቱ ገጠመ፤ መሬቱ ሽቦውን ነክሶ ወዲያና ወዲህ ጎተተውና ቅጥሉ ሁሉ ተነቀለ። እትዬ ሳጂዳ አዛናውን አስጠሩት። መጥቶ አየውና ሹፌሮቹ ፊት ሳቀ።

"የምታውቀው አንድ ነገር መቆፈር ነበር" አለ። "እሱንም አልሠራችም።"

ሹፌሮቹ አብረውት ሳቁ። የተናገረው እውነት ስለነበር ነው የበለጠ ያንገበገባት። ዶማዋን አንሥታ በጭቃው ውስጥ ቦዩን ቆፈረች። መቀጠያው ጋ ሲደርሱ አዛናው እንደ ልማዱ ውሃ እንድታመጣ አዘዛት።

"ጋሼ፣ የቆምነው እኮ ውሃ ውስጥ ነው።"

ሽቦውን ለቆ ተነሣ። እስክትሄድ ጠበቀ። አልሄደችም። በረንዳ ላይ የነበሩት እትዬ ሳጂዳ ሰለቻቸው መሰለኝ፣

"አንተ አዛናው፣ የምትሸፍነው ሙሽራ ነው እንዴ?" አሉት።

አሁን ሹፌሮቹ በእሱ ሳቁ። ፊቱን አጥቁሮ አጎነበሰ። መብራቱ ሥር ሲደርስ ሽቦውን ሳይወጥር፣ እንደ ሰሃን የሰፋ ጥምጥም ትርፍ አስቀረ፤ ቅጥሉን ቅባት ባለው መያዣ ቆለፈ፤ ዙሪያውን አሸዋ አለበሰው። መሬቱ አብጦ ሲጎትት ጥምጥሙ ይፈታለታል፤ ቅጥሉን አይነካውም። አለቀ። ሁለት ዓመት የተደበቀው ይኼ ነበር።

ስርጉት፣ ምስጢሩን ያየሁ ቀን ደስ ይለኛል ትል ነበር። ደሟ ነው የፈላው።

"ይኼን ነው? ለዚህ ነው ሁለት ዓመት ጄሪካን የተሸከምኩት?"

"እኔ ሦስት ዓመት ተሸክሜያለሁ" አለ አዛናው።

"ያኔስ ልክ ነበር?"

አዛናው ፒንሳውን ይዞ ተነሣ። ፒንሳውን እንዲሰጣት እጇን ዘረጋች። ካልሰጣት ሌላ ቆፋሪ ይፈልግ፤ ዋልካ በክረምት ዶማ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ ያኔ ያየዋል። ይኼንን ሹፌሮቹ እየሰሙ ነገረችው። ደመናው እንደገና እየጠቆረ ነበር። አዛናው ሰማዩን አየ፤ እትዬ ሳጂዳን አየ፤ ፒንሳውን ወረወረላት።

ጭቃውን በቀሚሷ ጠርጋ የሚቀጥለው መብራት ሥር ተቀመጠች። ሽቦውን ስትይዝ የአዛናው ድምፅ ከጀርባዋ መጣ።

"አታጥብቂው። ላላ አድርጊው።"

"አሁን ነው የሚነግሩኝ?" አለች፤ ቀና ሳትል አላላችው።