በአራሷ ራስጌ የከረመው መጽሐፍ

ባለፈው ወር አንድ ሰው ያመጣልኝን የአሮጌ መጻሕፍት ከረጢት ፈትቼ አንዱን ስገልጥ፣ ቅቤ ጠጥቶ የደረቀ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን መታውና፣ ሰውየው እያናገረኝ መሆኑን ረስቼ፣ ታች ጋይንት የአያ ሞላ ቤት ደርሼ ተመለስሁ።

በዚያ ቤት፣ በዚያ የሰኔ ቀን የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። ከእኛ ቤት አባቴ ቄስ ይርጋ፣ እናቴ እንጉዳይ፣ ስድስተኛ ክፍል የነበረችው እህቴ ብርቄና ሁለተኛ ክፍል የነበርሁት እኔ። ከእነሱ ቤት ጎረቤታችን አያ ሞላ፣ እናቱ እትዬ የሺ፣ ሚስቱ ስንዱ፣ እንዲሁም ገና ስም ያልወጣላት የስንዱ ጨቅላ ልጅ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ቀደም ብሎ በበጋው ነው። ዘመኑ ዘጠናዎቹ ነበሩ። ጥምቀት አልፎ እህሉ ከአውድማ ከገባ በኋላ፣ የአማርኛ መምህራችን መምህር አስናቀ ከንፋስ መውጫ በመኪና፣ ከመኪናው መንገድ ደግሞ በአህያ ያስጫነውን የመጻሕፍት ሳጥን ክፍል ውስጥ አስገብቶ ከፈተው። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ይሆናሉ ተብለው የተመረጡ ተረቶችና ልቦለዶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ብዙ እጅ ያለፈባቸው፣ አንዳንዶቹም ሽፋን የሌላቸው። በየጀርባቸው ወረቀት ለጥፎ ለየትኛው ክፍል እንደሚሆኑ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎባቸው ነበር፤ ነገር ግን ራሱ ለጻፈው ምልክት ብዙም አይገዛም ነበር። ልጁን አየት አድርጎ፣ ታናናሾች እንዳሉት፣ ጨለማ ይፈራ እንደሆነ፣ ቤቱ ከወንዙ ማዶ እንደሆነ ጠይቆ ነበር የሚሰጠው። መጽሐፍ የመለሰን ልጅ ደግሞ ስለ ታሪኩ አይጠይቀውም ነበር፤ የሚጠይቀው «ለማን ይሆናል?» ብሎ ነበር። «ለታደሰ ይሆናል፣ እሱ ሲስቅ አይቼው አላውቅም» ያለ ልጅ መጽሐፉን ራሱ ወስዶ ለታደሰ ይሰጥ ነበር።

ለብርቄ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሚል ምልክት ያለበትን ሰጣት። «ይከብድሻል፤ ይክበድሽ» አላት። ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለነበር ርዕሱን እስከ ዛሬ አላውቅም። የጠፋች በቅሎ ፍለጋ ብቻዋን ቆላ የወረደች ልጅ ታሪክ ነበር። ሽምብራ ከዝንጀሮ ስንጠብቅ ካቡ ላይ ተቀምጣ ታነብልኝ ነበር፤ ልጅቱ ገደል አፋፍ ስትደርስ ብርቄም ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና፣ እኔ ዝንጀሮውንም ሽምብራውንም እረሳ ነበር።

በቤታችን የመጽሐፍ ቦታው አንድ ብቻ ነበር፤ ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ የተመታ ችካል። አባቴ ትንሹን የጸሎት መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልሎ እዚያ ይሰቅለው ነበር። ሰው ሲታመም ወይም ሴት ምጥ ሲይዛት ራስጌ እንዲቀመጥ ለጎረቤት የሚላከው እሱ ነው። ብርቄም የተማሪ ቤቱን መጽሐፍ አይጥ እንዳይበላባት ፈርታ፣ እናቴ የአባቴ ጨርቅ ከተቀደደበት ከዚያው አሮጌ ነጠላ ቀድዳ በሰጠቻት ቁራጭ ጠቅልላ፣ ከጸሎት መጽሐፉ ጎን ሰቀለችው። አባቴ አይቶ «ጎረቤት አበጀሽለት?» ብሎ ሳቀ እንጂ አልከለከላትም።

ፋሲካ በዋለ ሰሞን የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ተገኘ ከስማዳ መጣ። በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ ለብርቄ ጠያቂ መኖሩን፣ የልጁ ቤተሰብም የሚከበር መሆኑን ተናገረና፣ «ስድስተኛ ክፍል ምን አነሳት? ማንበብ ችላለች፤ የቀረውን ባሏ ያስተምራታል» አለ።

እናቴ ቀና ሳትል «ልጁ ማንበብ ይችላል?» አለችው።

«እሱስ አይችልም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚያስተምራት?»

አያ ተገኘ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ወንድሙን በጣም ያከብር ስለነበር በቀጥታ እንቢ ማለት አቃተው። «ሰኔ ላይ አልፋ ካርዷን ይዛ ከመጣች አርብ ገበያ ካለው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ትገባለች። ካርዱ ካልመጣ ሽማግሌ ላክ፤ እንነጋገራለን» አለ። ብርቄ እንስራዋን አዝላ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሽምብራ ጥበቃ ይሁን ውሃ መቅዳት፣ ደብተር ከእጇ አልተለየም።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ በረታ፣ የሐዋርያት ጾምም ያዘ። በጾም ቅዳሴው የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አባቴ ቤተ ክርስቲያን፣ ብርቄም ፈተና ላይ ሳሉ፣ አያ ሞላ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደጃችን ደረሰና፣ «እትዬ እንጉዳይ፣ ይድረሱልኝ! ስንዱ ከትናንት ጀምራ እያማጠች ነው፤ መጽሐፉን!» ብሎ ጮኸ። እናቴ እጇን ወደ ችካሉ ዘርግታ የገባላትን አውርዳ ሰጠችውና፣ ነጠላዋን እየጎተተች ተከትላው ሮጠች። ፀሐይ ሳትጠልቅ እልልታ ሰማን። ሴት ልጅ ነበረች፤ እናቲቱም ደህና ነበረች።

ስህተቱ የታወቀው ካርድ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። መምህር አስናቀ በሰልፍ ላይ፣ መጽሐፍ ያልመለሰ ተማሪ ካርድ እንደማይወስድ፣ እሱም ካርዱን አድሎ ሳጥኑን ቆልፎ በዚያው ቀን ለክረምት ወደ አገሩ እንደሚሄድ ነገረን። ብርቄ ቤት መጥታ ጨርቁን ፈታች። ከውስጡ በቀይና በጥቁር ቀለም የታተመው የአባቴ የጸሎት መጽሐፍ ወጣ።

«እማ፣ መጽሐፌስ?»

እናቴ ጨርቁን አየች፣ ባዶውን ችካል አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔን! ለስንዱ የትኛውን ነው የሰጠሁት?»

አባቴ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ «ያንቺው መጽሐፍ ስለ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

«ስለ በቅሎ ነው።»

«ስለ ምን?»

«በቅሎ፣ አባዬ። የጠፋች በቅሎ።»

አባቴ ጢሙን ያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ምጥ ለያዛት ሴት» አለ፣ «ከእንስሳ ሁሉ መርጠን የማትወልደውን ላክንላት።»

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። ብርቄ ግን አልሳቀችም፤ ጨርቁን በእጇ እንደያዘች ቆማ ነበር፤ እሷን አይቼ እኔ አለቀስሁ። አባቴ ተነሥቶ ጋቢውን ደረበና የጸሎት መጽሐፉን ያዘ። «ካልጠየቁኝ አልናገርም፤ ከጠየቁኝ ደግሞ አልዋሽም። ተነሡ» አለን።

አባቴ ቄስ ስለሆነ ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሣ አራስ ቤት አይገባም። ስለዚህ ውጭ፣ ከክዳኑ ጠፈጠፍ ሥር፣ ከአያ ሞላ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ቀረ፤ እናቴ፣ ብርቄና እኔ ገባን። ውስጡ ሞቃት ነበር፤ ገንፎና ለጋ ቅቤ ይሸታል። ስንዱ ከመጋረጃው ጀርባ ናት። እትዬ የሺ የገንፎውን ማማሰያ እንደያዙ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች እናቴ ወደ መጋረጃው።

«ማርያም ታኑርዎት» የሚል ቀጭን ድምፅ መለሰ።

እናቴ እንደምንም ብላ ነገሩን ጀመረች። «እትዬ የሺ፣ ያን መጽሐፍ በሌላ ልንለውጥላችሁ ነበር። ቄሱ የተሻለውን ይዘው መጥተዋል።»

«የተሻለ?» አሉ እትዬ የሺ። «ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? ሌሊቱን ሙሉ ስታምጥ አድራ፣ ራስጌዋ ባስቀመጥሁት በጥቂት ሰዓት ተገላገለች። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ሳትነሣማ ከራስጌዋ አላነሣውም። ምነው እንጉዳይ፣ ምን በደልሁሽ?»

ሰማንያ ቀን ማለት ነሐሴ መጨረሻ ነው። ብርቄ ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ገባብኝ።

እትዬ የሺ ወደ በሩ ዞረው «አባ! እዚያ አሉ? እስኪ ይንገሩኝ፤ ይህ የማን ድርሳን ነው?» አሉ።

ከውጭ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ስንዱ ተናገረች።

«እናቴ፣ ይስጧቸው። ድርሳን አይደለም፤ የተማሪ ቤት መጽሐፍ ነው።»

«አንቺ ምኑን ታውቂና?»

«አንብቤው ነዋ።»

ስንዱ አምስተኛ ክፍል ላይ ሳለች ተድራ የመጣች መሆኗን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም ግን አስታውሶት አያውቅም። ጨርቁን የፈታችው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ምን እንደሆነ ያወቀችው ወዲያው ነው። ዝም ያለችው ደግሞ ታሪኩን ሳትጨርሰው እንዳይወስዱባት ሰግታ ነበር።

አባቴ ከውጭ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እውነቷን ነው፣ እትዬ የሺ። ስህተቱ የእኛ ቤት ስህተት ነው፤ ይቅር ይበሉን» አለ።

«ታዲያ ልጆቼ እስከ ዛሬ ያለ ጠባቂ ነው የከረሙ?»

«ጸሎቱን እኔ በቃሌ ስለማውቀው በየዕለቱ ሳደርስላቸው ነው የከረምሁ። የማረቻት ማርያም ናት፤ መጽሐፉ የትም ቢሆን ትሰማለች።»

እትዬ የሺ ይህን ሲሰሙ ትከሻቸው ወረድ አለ። ስንዱ መጋረጃውን በጣቷ ከፈት አድርጋ ብርቄን ጠራቻት። መጽሐፉ እጇ ላይ ነበር፤ የገንፎ ቅቤ የነካቸው ገጾቹ ብርሃን ያሳልፉ ነበር። «ትንሽ ነው የቀረኝ» አለቻት። «ሕፃኗን ታቅፌ እጄ አልፈታ እያለኝ ነው እንጂ ጨርሼው ነበር። አንብቢልኝና ውሰጂው።»

ብርቄ ከመጋረጃው ሥር ቁጭ ብላ ማንበብ ጀመረች። ስታነብ መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር፤ እየቆየ ቀና አለላት። እትዬ የሺ ማማሰያውን አስቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ልጅቱ ከወንዙ ዳር ዱካ ስታገኝ ግን፣ ብርቄ እየዘለለች ስታልፈው የነበረውን ቃል በዚህ ጊዜ መዝለል አልቻለችምና አነበበችው።

«በቅሎ?» አሉ እትዬ የሺ። «በቅሎ ነው ያልሽው?»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይህን ሁሉ ቀን ምራቴ ራስጌ የተኛች በቅሎ ናት?» አሉና፣ የሕፃኗን ፊት አዩ፣ የስንዱን ፊት አዩ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «በቅሎ እንዲህ አድርጋ ካዋለደች፣ ባዝራማ ብትሆን መንታ አስታቅፋኝ ነበር! ቀጥይ፣ አንቺ ልጅ፣ አገኘቻት ወይስ አላገኘቻትም?»

አገኘቻት። ብርቄ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበች፤ ስንዱ «እሰይ!» አለች፤ የጸሎት መጽሐፉ በበሩ ገባ፣ የብርቄም መጽሐፍ ወጣ። ወደ ቤት ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ብርቄ መጽሐፉን ብብቷ ሥር አድርጋ ከፊታችን ትሮጥ ነበር።

በማግስቱ መምህር አስናቀ መጽሐፉን ገልጦ አሸተተው። «ይህን መጽሐፍ ገንፎ አብልታችሁታል እንዴ?» አላት። ሳትመልስለት «ለማን ይሆናል?» ብሎ ጠየቃት።

«ለአራስ» አለች ብርቄ። ክፍሉ ተንጫጫ። እሷ ግን ነገሩን ከሥር መሠረቱ አስረዳችው፤ እሱም ካርዷን ከሰጣት በኋላ፣ ሳጥኑን ከመቆለፉ በፊት፣ ስንዱ በክረምት የምታነባቸውን መርጦ አስያዛት። ካርዱ ላይ «አልፋለች» ተብሎ ተጽፎ ነበር። አባቴ ሁለት ጊዜ አነበበውና ለእናቴ ሰጣት፤ እናቴ ማንበብ ስለማትችል ሳመችውና ለእኔ ሰጠችኝ። አያ ተገኘ «እንግዲህ ሰዎቹን ምን ልበላቸው?» ብሎ ሲያስጠይቅ፣ አባቴ በዚህ ጊዜ ድምፁ ሳይርድ «ትምህርት ላይ ናት በላቸው» ብሎ መለሰ።

ያን ክረምት ሙሉ፣ ጭጋጉ መስኩን ሲሸፍነው፣ ከብርቄ ጋር ወደ ስንዱ እየሄድን መጽሐፍ እናቀባብል ነበር። ቀለሙን ትምህርት ቤት ብቆጥረውም፣ ማንበብ የያዘልኝ ግን በዚያ ቤት፣ ሁለቱ በተራ ሲያነቡ ከጎናቸው ተቀምጬ ነው። መስከረም ሲጠባ ብርቄ አርብ ገበያ ሰባተኛ ክፍል ገባች።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልዘለቅሁም፤ የቀረውን በራሴ አንብቤ ነው የተማርሁት። ዛሬ ንፋስ መውጫ ላይ ደብተርና አሮጌ መጻሕፍት የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ወላጆች ከባጃጅ ሳይወርዱ «ለሰባተኛ ክፍል የሚሆን ምን አለህ?» ይሉኛል። በዚያ የሰኔ ቀን መጽሐፉ አንድ ነበር፤ ካህን፣ አራስ፣ አማትና ተማሪ በአንድ ላይ ያዳመጡት። ዛሬ በመደርደሪያዬ ላይ ስንቱ ተደርድሮ፣ ልጁ አንዱን አንሥቶ ስልኩ ሲጠራ ትቶት ይሄዳል። ቅር ይለኛል፤ ግን አላማርርም። ብርቄ ደብረ ታቦር ትኖራለች፤ ሴት ልጆቿ የሚያነቡትን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ይጨቃጨቁበታልም፤ ለእነሱ ሽማግሌ ለመላክ የሚያስብ የለም። ያን ሳስብ ትንፋሼ ቀለል ይለኛል።

ይህን የጻፍሁት እኔ ባየሁትና በሰማሁት ልክ ነው፤ ትንሽ ስለነበርሁ ያመለጠኝ ብዙ ነው። ብርቄ፣ የመጽሐፏ ልጅ ስሟ ማን ነበር? ስንዱ፣ መጽሐፉን ማንም ሳያይሽ ታነቢ የነበረው በየትኛው ሰዓት ነው? አያ ሞላ፣ እርስዎን ደግሞ ከሁሉ አብልጬ እጠይቃለሁ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ እኔ ደግሞ ውስጥ ነበርሁ። ብርቄ ስታነብ ያን ሁሉ ጊዜ ከእሱ ጋር ጠፈጠፉ ሥር የቆሙት እርስዎ ነዎት። ፊቱ ምን ይመስል ነበር?