ቀድሞ የተበላ ገንፎ

የሚስቴ ታናሽ እህት ያገባችው ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ እርሻው ገና ሕንፃ ያልሆነበት መንደር ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ መኪና ያለኝ ዘመድ እኔ ብቻ ስለነበርኩ አምቡላንስ ሆኜ ተሾምኩ። መኪናዬ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ስትነሳ ቃሊቲ ያለ ሰው ከእንቅልፉ ይባንናል።

ምጥ ጀመራት ተብዬ ከቱሉ ዲምቱ በርሬ ሄድኩና ጤና ጣቢያ አደረስኳት። አዋላጅ ነርሷ አይታት፣ "ገና ነሽ የኔ እህት። ቤትሽ ቅርብ ነው፤ ሂጂና ሲጠነክር ተመለሽ" አለቻት። ልክ ነበረች። ያላወቀችው መንደሩን ነው። እዚያ ሴት ልትወልድ ከደጅ ከወጣች ጎረቤት ተሰብስቦ ገንፎ ያገነፋል። ስንመለስ ገንፎው ደርሷል፣ ቅቤው መሃሉ ላይ ተቀምጧል፣ ሆዷም እንዳለ ነው።

ገንፎ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። የቤቱ ዱቄት ሁሉ ገብቶበት ስለነበር አንድ ብሎክ ኮንዶሚኒየም ለመለሰን ይበቃ ነበር፤ ቢሆንም ተበልቶ አለቀ። እኔም በላሁ። አንዲት ጎረቤት ጣቷን እየላሰች፣ "እንኳን ማርያም..." ብላ ጀመረችና የልጅቷን ሆድ አይታ፣ "እንኳን በደህና ተመለስሽ" ብላ ጨረሰችው። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ በወጣች ቁጥር፣ "ገንፎሽ ጣፋጭ ነበር" ይሏት ጀመር።

በሳምንቱ አማቷ ደወሉልኝ። እሳቸው የመንደሩ የልምድ አዋላጅ ናቸው፤ ሰዉን ሁሉ አዋልደው ሲጨርሱ ወደ ላሞቹ ተሻግረዋል።

"ውሃው ከፈሰሰ ውሎ አድሯል፤ ምጡ ግን ደክሟል። አላማረኝም" አሉ። "እሷ ደግሞ አልሄድም ብላለች። አንተ ቀልደኛ ነህ፣ ና።"

ቀልድ ለምጥ እንደሚታዘዝ ያኔ ነው የሰማሁት።

ስደርስ ምሰሶውን ይዛ ቆማለች።

"ተነሽ እንሂድ" አልኳት፣ መቆሟን እያየሁ።

"አልሄድም ጋሼ። ገና ነሽ ብለው ይመልሱኛል።"

"እዚህስ?"

"ከቤቴ ወዴት ይመልሱኛል?"

ሴቶች ሆስፒታል የሚጠሉት መንገዱ ርቋቸው፣ ወንድ ሐኪም ፈርተው፣ አልጋ ላይ መንጋለል አፍረው ነው ሲባል ስለሰማሁ ለሦስቱም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ለገንፎ አልተዘጋጀሁም።

አማቷ ጎንበስ ብለው ላቧን በነጠላቸው ጠረጉላት። "ልጄ፣ ይሄ ከእኔ እጅ በላይ ነው። አንዳችሁን ባጣ ምን እላለሁ? ሳቁን ለእኔ ተይው።"

ወዲያው እኔን አንድ ጆንያ ገብስ አሸክመው፣ እሷን ደግፈው ወጡ። ጎረቤቲቱ በር ላይ ቆማለች።

"ወደ ወፍጮ ቤት ነን" አሏት።

"እሷም? በዚህ ሆዷ?"

"የሚፈጨው ገብሱ ነው።"

መንደሩን እስክንወጣ ልጅቷ ነጠላዋን ነክሳ ዝም አለች። አማቷ በመስኮት ላየን ሁሉ፣ "ሰልፍ ሳይበዛ ብለን ነው" ይላሉ።

ጤና ጣቢያውን አልፈን ሆስፒታል ገባን። ገና ነሽ ያላት የለም። ይልቅ ሐኪሙ ተቆጣን፤ "ውሃው ፈስሶ እስካሁን የት ነበራችሁ?"

"ወፍጮ ቤት" አሉ አማቷ፣ ለምዶባቸው።

ምጡን በመድኃኒት አጠናከሩላት። እኔና አማቷ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው ሲሉን አማቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ሕፃኗን ይዘን ስንመለስ እልልታው ቀለጠ። ጎረቤቲቱም በዚህኛው ጊዜ፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚለውን እስከ መጨረሻው አለችው። ከዚያ እጇን አራግፋ፣ "በሉ ዱቄቱን አምጡና እናገንፋ" አለች።

አማቷ እኔን አዩኝ። እኔ መኪናዋን አየሁ። ጆንያው አፉ እንደተሰፋ ኋላ ተቀምጧል።

አራሷ ከመደቡ ላይ ቀና አለች።

"ገና ነው በላቸው ጋሼ" አለች። "ይሂዱና ይመለሱ።"