ሆድ ላይ የሚቀመጥ ላፕቶፕ

ባለቤቴ አምስተኛ ወሯን እንደያዘች ሐኪሙ እስክትወልድ ድረስ እንድትተኛ አዘዛት። መጸዳጃ ቤት ደርሶ ከመመለስ በቀር መነሣት የለም። ሥራዋ የመንገድ ቅየሳ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ስትዞር የምትውል ሴት ናት። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለችው ባለ አንድ መኝታ ቤታችን ጣሪያ እያየች መዋል በጀመረች በሳምንቷ ያለምክንያት ታለቅስ ጀመር።

ያጽናናት ከተማ የሚገነባበት የኮምፒውተር ጌም ነው። መንገድ ትዘረጋለህ፣ ውኃና መብራት ታስገባለህ፣ ሰዎች መጥተው ይሰፍራሉ። ችኮላ የለበትም። ችግሩ ቤት ያለው ላፕቶፕ የእኔ አሮጌ መሆኑ ነበር፤ ይከብዳል፣ ይግላል። ትራስ ላይ አድርጋ ሞከረች፣ በጎኗ ተኝታም ሞከረች። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ዘግታ አስቀምጣዋለች።

«ልጁን ከበደው መሰለኝ፤ ይራገጣል» አለችኝ።

ቅዳሜ ሜክሲኮ ሄጄ አራት ሱቅ ዞርኩ። «ለጌም» ስል እንደ ጡብ የወፈረውን ያወጡልኛል፤ «ቀጭን» ስል ለጽሑፍ ብቻ የሚሆነውን። «የሚጫወተው ማነው?» ብለው የጠየቁኝ የአምስተኛው ሱቅ ባለቤት ብቻ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽበታም ሰው። ነገሩን አስረዳኋቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ሁለት ቀጫጭን ላፕቶፖች አወጡ፤ አንዱ ለጌም የሚረዳ ግራፊክስ ካርድ አለው፣ ሌላው የለውም። ጌሙን እሷ ከጀመረችው ከተማ ጋር በፍላሽ ይዤ ስለነበር ሁለቱም ላይ ጫኑልኝ።

«እንግዲህ እንዴት ትመርጣለህ?» አሉኝ።

«ተኝቼ ልሞክረው?»

ጫማዬን አውልቄ የደንበኞች ሶፋ ላይ በጀርባዬ ጋደም አልኩና የመጀመሪያውን ሆዴ ላይ አስቀመጥኩ። ቻርጀር ልትገዛ የገባች ሴት አየችኝና ሰውዬውን ቀስ ብላ «ምን ሆኖ ነው?» አለቻቸው።

«እርጉዝ ነው» አሏት፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

የመጀመሪያው ሲያዩት ያምራል፤ ጌሙ ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። ግን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ማራገቢያው ይጮህ ጀመር፣ ሙቀቱም ሸሚዜን አልፎ ሆዴ ድረስ ተሰማኝ። ሁለተኛው ለብ ከማለት አላለፈም፤ የእሷን ሰፊ ከተማ ስከፍትበት ግን መኪኖቹ እየተንቀረፈፉ ቆሙ። ግራ ሲገባኝ ደወልኩላት።

«የሚያምረው ያቃጥላል፤ የማያቃጥለው ደግሞ ትልቅ ከተማ አይችልም» አልኳት።

«ምን ያህሉን ይችላል?»

ሰውዬውን ጠየቅኳቸው። «አንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ አያቅተውም፤ አዲስ አበባን አትሞክሪ በላት» አሉ።

«እሺ፣ ትንሽ ከተማ እሠራለሁ። የት ልሄድ ነው የምቸኩለው?» አለች። ሁለተኛውን ይዤ ገባሁ።

አማቴ ልጃቸውን ሊያስታምሙ ከቡታጅራ መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። መጀመሪያ «ትልቅ ሴት ጌም ትጫወታለች?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በሦስተኛው ቀን ግን ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠግተው አገኘኋቸው።

«ከወንዙ ዳር ቤት አትሥሪ፤ ክረምት ሲመጣ የት ሊሆኑ ነው?» ይሏታል።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሳቅ ገባው። አማቴ የከተማዋን ገበያ ሁለት ጊዜ ቦታ አስቀየሯት። አንድ ቀን እንደውም መንገድ አጣላቸው። ባለቤቴ እንደ ሙያዋ ቀጥ አድርጋ ልታወጣው ፈለገች፤ መሐል ላይ ሰባት ቤቶች ነበሩ።

«የሰው ቤት አፍርሰሽ?» አሏት አማቴ።

«እማዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ቢሆንስ?»

መንገዱ በቤቶቹ ጓሮ ዞሮ ወጣ። እስከ ዛሬ ጠማማ ነው።

ልጃችን ወሯን ጠብቃ በሰላም ተወለደች፤ ሴት ናት። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን ለሳምንታት የነካው አልነበረም። አንድ ከሰዓት፣ ሕፃኗ ጡት ጠብታ እናቷ እቅፍ ውስጥ እንደተኛች፣ አማቴ ድንገት «እነዚያ የከተማሽ ሰዎች እኛ ሳናያቸው ምን ይሆናሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ምንም አይሆኑም እማዬ፤ ሲዘጋ ባሉበት ይቆማሉ።»

«እንዲሁ ተገትረው?»

ሕፃኗን ቀስ ብለው ከእቅፏ ተቀበሏትና፣ «በይ፣ ትንሽ ክፈቺላቸው» አሏት።