ጀልባው ላይ ወጣች ወይስ አልወጣችም? ኦስትኤንድ ድረስ ያስኬደኝ ጥያቄ

እኔ አወራለሁ፣ ልጄ ጽጌ ትጽፋለች። የማኅበራችን ሴቶች፣ ስታነቡት ስህተት ካገኛችሁ የእሷ ነው፤ ውሸት ካገኛችሁ የእኔ።

ዓርብ ጠዋት እዚሁ ጀርመን ካለው ሰፈሬ፣ ከኡንተርሊደርባህ፣ የወጣሁት ተናድጄ ነው። ኤሚኔ የምትባል ቱርክ ከላዬ ያለው ፎቅ ላይ ትኖር ነበር። የአገሯን ልብ ወለድ እያነበበች በጀርመንኛ ትተርክልኛለች። የእሷም ጀርመንኛ ስብርባሪ፣ የእኔም ስብርባሪ፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ አንድ ሙሉ ይወጣቸዋል። የመጨረሻውን መጽሐፍ ግን ጫፉ ላይ አድርሳ ተወችኝና ከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኦስትኤንድ፣ ልጇ ቤት ገባች።

ታሪኩ የአንዲት የደሴት ልጅ ነው። ባሕር የሌለበት ደጋ ዳሯት። አርጅታ፣ ባሏ ሲሞት፣ ተመልሳ ባሕሩ ዳር ቆመች። መንደሩ ውስጥ የሚያውቃት የለም። ባዶ ጀልባ ብቻ አለ። ወጣችበት ወይስ አልወጣችም? እዚህ ላይ ዝም! በስልክ ስጠይቃት «ገና አልጨረስኩትም» ትለኛለች። ያቺን ቀጭን መጽሐፍ! ውሸታም።

ሆህስት ጣቢያ

ባቡሩ ቀረ። ሰሌዳው ላይ ጽሑፍ ይሮጣል፤ እኔ እንደሆን ፊደል አልቆጠርኩ። የመጋዘን ልብስ የለበሰ ያገሬን ልጅ ጠየቅኩት።

«እማማ፣ ባቡሩ ቆሟል። ኤርሳትስቡስ ነው የሚይዙት።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በባቡሩ ፋንታ የሚመጣ አውቶቡስ።»

«ታዲያ መጣ?»

«አልመጣም።»

«እንግዲያው ለሱም ፋንታ ፈልጉለታ!»

ሳቀ። አውቶቡሱ ሲመጣ በክርኑ መንገድ ከፍቶ አስቀመጠኝ፤ ይባረክ። በሦስት ዩሮ የገዛሁት ብሬትሰል የሚሉት ጥምዝ ዳቦ ግን ጨው ብቻ ሆነብኝ፤ የባሕሩን ጨው እዚያው ጨረስኩት።

መንገዱን ሙሉ የእነዚህ ደራሲዎች ነገር እያበሳጨኝ ሄድኩ። ኤሚኔ የተረከችልኝ ሁሉ አንድ ነው። ሰውዬው ከፋው፣ ወደ ባሕር! ልጁ ካደው፣ ወደ ባሕር! እኛ ሲከፋን ዘመድ ጋ ነው የምንሄደው። እኔም'ኮ የጣና ልጅ ነኝ። ውሃው ላይ ዓሣና ታንኳ እንጂ ችግሬን የሚሰማኝ ጆሮ አላየሁበትም።

ኦስትኤንድ

ሊፍት የለም። ጉልበቴን እየረገምኩ ወጣሁ። በሩ ሲከፈት ኮሪደሩ ላይ ትልቅ ሻንጣ ቆሟል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መጀመሪያ ብዪ» አለችኝ ኤሚኔ። ጣት የሚያህሉ ዓሦች ጠብሳለች።

«ጾም ነው።»

«ሥጋ አይደለም'ኮ፣ ዓሣ ነው።»

«አይቼዋለሁ። ዓሣም አልበላም። ይልቅ ንገሪኝ፣ ወጣች ወይስ አልወጣችም?»

ዓይኗን ሰበረች። «ወጣች። እኔም እሁድ አገሬ እገባለሁ። ወንድሜ ባሕሩ ዳር ክፍል ሰጠኝ። ልነግርሽ ፈርቼ ነው።»

ለካ መጽሐፉን ያልጨረሰችልኝ ለዚህ ነው!

«እዚያ ማን ያውቅሻል?»

«ባሕሩ ያውቀኛል። እዚህ የማን እንደሆንኩ ወረቀት አሳዪ ሲሉኝ ኖርኩ። ባሕሩ ወረቀት አይልም።»

«ስትታመሚ ሾርባ ይዞልሽ ይመጣል?»

የዓሣውን ሳህን ወደ ጎን ገፋችው።

«ያቺ ሴትዮስ ደጋው ላይ ጎረቤት አልነበራትም?»

«መጽሐፉ ላይ የለችም።»

«ደራሲው ረስቷት ነው! ያለ ጎረቤት የኖረ ሰው የት አለ?»

ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። እኔም ንዴቴ ሳይበርድ አብሬያት አለቀስኩ።

ቱርኮች ሰው ሲሸኙ ከኋላው ውሃ ያፈሳሉ፤ እንደ ውሃ ሄዶ እንደ ውሃ እንዲመለስ። ስነሳ ኤሚኔ እንደ ልማዷ ጆጉን ይዛ እስከ ታች ተከተለችኝ። ነጠቅኳት።

«ሂያጇ አንቺ ነሽ። ውጪ!»

«ዛሬ አይደለም'ኮ!»

«እሁድ ባቡሩ ቢቀርብኝስ? ውጪ!»

በነጠላ ጫማዋ መንገዱ ላይ ወጣች። ከኋላዋ ጆጉን ሙሉ ዘረገፍኩት፤ ተረከዟም ራሰ፣ የእኔም ጫማ ራሰ። አንድ ጀርመን በመስኮት ብቅ ብሎ «እዚህ ውሃ አይደፋም!» ብሎ ጮኸ።

«ቴርሚን አለን!» አልኩት፤ እዚህ አገር ቀጠሮ ያለው ሰው አይከለከልም።

ቤት

ጽጌ «ጫማሽን ምን አረጠበው?» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ያቺ ቀጭን መጽሐፍ ውስጡ ናት። ኤሚኔ ሳላያት ከትታብኛለች።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ሰው የባሕርም ዘመድ ይሆናል፤ ይሁን፣ አልቀናም። ግን ፊደል ለማትቆጥር ሴት መጽሐፍ ትቶ መሄድ ምን ማለት ነው? መጥቼ አነብልሻለሁ ማለት ነው እንጂ። ካልመጣች ያ ባሕር ከእኔ ጋር ነው ጉዱ!