ከወፍጮ ቤት የተመለሰው ክክ

ከሰበታ ወደ ፉሪ በሚያወጣው ዳገት ላይ ያለው የእድሩ አዳራሽ ድሮ የሚከፈተው ለለቅሶ ብቻ ነበር። አራት ዓመት ሆነው፤ አሁን በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሰባ ሰው ይበላበታል፤ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ፣ ባሏን ቀብራ ባዶ ቤት የቀረች፣ ጉልበቱን ሸጦ የጨረሰ። እህሉን መንግሥት በየወሩ ይሰጣል። ማገዶውን እድሩ ይችላል። ድስቱ የተረፈች ነው።

ተረፈች ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከደንቢያ ወጥታ ሰበታ ከገባች ሠላሳ ዓመት አለፋት፤ ሃያውን ክር ፋብሪካ ውስጥ ቆማ አሳልፋዋለች። ፋብሪካው ትንፋሿን ቀማት እንጂ ድምጿን አልነካውም። ወጥ ስታማስል ታንጎራጉራለች፤ ደጅ የተሰለፉት ምሳ መድረሱን ከሽታው በፊት በዜማዋ ነው የሚያውቁት።

መጀመሪያ አረማመዱ የተበላሸው ቦሩ ነው። ሲሚንቶ ሲሸከም የኖረ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ሁለት ጊዜ ካልተጨለፈለት ከወንበሩ የማይነሳ ሰው። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በእግሩ ጣት መርገጥ አመጣ።

“ቦሩ፣ ተረከዝህን መሬት ማስነካት ኪራይ ያስከፍላል እንዴ?” አለችው ተረፈች።

“በዚህ አገር መሬት ነክቶ ያልከፈለ ማን አለ?”

አዳራሹ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ጭልፋዋን ሞልታም ደገመችለት።

ቀጥሎ እማማ በቀለች ግድግዳ እየዳበሱ መጡ።

“አካም ቡልተኒ፣ እማማ? ምነው ግድግዳ ያዙ?” አለቻቸው ተረፈች።

“ፈያ፣ ኢንተላ ኮ። እኔስ ደህና ነኝ፣ ልጄ፤ እግሬ ነው እንጂ። ጠዋት ስነሳ የሌላ ሰው እግር ይመስለኛል።”

ብርድ ነው ተባለ፤ እርጅና ነው ተባለ። ሰው ስም ሲያወጣለት ነገሩ የሄደለት ይመስለዋል። ዳገቱ ላይ ግን ከሳምንት ሳምንት ዱላ የያዘ ሰው በዛ።

የእድሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ደቻሳ ከሦስት ወር ወዲህ አንድ ልማድ አምጥተዋል። የወሩን ክክ ከመጋዘን እንደተረከቡ በዚያው ወደ ወፍጮ ቤት ይነዱታል፤ የእድሩ ሴቶች ያዋጡት በርበሬ ይጨመርበትና ሽሮ ሆኖ ነው አዳራሽ የሚገባው። ወፍጮው መንገድ ላይ ነው፤ ሽሮ ደግሞ ለብዙ ሰው ይበረክታል። ስለዚህ ተረፈች ሦስት ወር ሙሉ ዱቄት እንጂ ክክ አላየችም። በዚህ ወር ግን መብራት ከጠፋ አምስተኛ ቀኑ ነበርና ጆንያዎቹ ከወፍጮ ቤት ሳይፈጩ ተመለሱ።

“ዛሬ ክክ ወጥ ሥሪልን። መብራት ሲመጣ የቀረውን እናስፈጫለን” ብለዋት ወጡ ኦቦ ደቻሳ።

ተረፈች ሰፌድ ላይ አፈሰሰችውና ልትለቅም ተቀመጠች። እያንጎራጎረች ነበር። ስንኙ መሐል ላይ ዝም አለች።

ግማሹ ክብ ነው፤ አተር። ግማሹ ክብ አይደለም። ጠርዝ አለው፤ የተሸረፈ መጥረቢያ ይመስላል። አንዳንዱ ልጣጩ አልለቀቀም፤ ግራጫ ሆኖ እንደ ቆቅ ላባ ነጠብጣብ አለበት። አንዱን አንስታ በጣቷ ዳበሰችው። መቅመስ እንኳ አላስፈለጋትም፤ እጇ ከዓይኗ ቀድሞ አውቆት ነበር።

ጓያ።

ልጅ እያለች ደንቢያ ላይ ዝናብ የሸሸበት ዓመት ነበር። ሁሉ እህል ደርቆ በጥቁሩ መሬት በቀረችው እርጥበት እሱ ብቻ በቀለ። ቂጣውም ንፍሮውም ሽሮውም ጓያ ሆነ። እናቷ ድስት ስትከፍት እንፋሎቱ እንዳይነካቸው ልጆቿን ወደ ደጅ ትገፋቸው ነበር፤ እህሉንም ዘፍዝፋ ታሳድርና መርዙን የያዘውን ውኃ ትደፋዋለች። አባቷ ግን እርሻ ላይ ነው፤ ያገኘውን ይበላል። በሁለት እግሩ ያረሰውን ማሳ በሁለት ዱላ ቆሞ አሳጨደው። ማታ ማታ ደጃፍ ተቀምጦ የሚላት ስንኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣችም፦

ክፉ ቀን ሸኘሁት፣ ጓያ እየበላሁ፣
ሆዴ ቆሞ ሄደ፣ እኔ እግሬን አጣሁ።

ሽሮ ደግሞ የሚደፋ ውኃ የለውም። ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር አብስላ አብልታቸዋለች። እሷ፤ በገዛ እጇ።

ኦቦ ደቻሳ ሲመለሱ ሰፌዱን ይዛ በር ላይ ቆመችባቸው።

“ጓያ አለበት።”

“ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!” በሩን ገፋ አደረጉት። “እና ምን ይሁን? እኔስ በቾ ጓያ ሳልበላ ነው ያደግኩት?”

“እርስዎ አልፎ አልፎ ነው የበሉት። በየቀኑ የበላውን ይዩ፤ ቦሩን ይዩት።”

ቦሩ ዳገቱን እየወጣ ነበር። ጉልበቱ ከጉልበቱ እየተጋጨ፣ እግሩ እንደ መቀስ እየተላለፈ። ኦቦ ደቻሳ አዩት።

“ከመለስነው ኮታችን ለሌላ ይሰጣል። አንዴ የወጣ አይገባም። ሰባ ነፍስ ነው፣ ተረፉ። በረሃብ ልትገያቸው ነው?”

“በማማሰያዬ ላሽመድምዳቸው?”

በዚህ መሐል እህሉን የሚያከፋፍለው የመንግሥት ቢሮ ባለሙያ ሀሴት ክላሰሯን ታቅፋ ገባች። በየወሩ መረከቢያ ቅጽ የምታስፈርመው እሷ ናት።

“እትዬ ተረፈች፣ ዛሬ ዘፈን የለም እንዴ? ኦቦ ደቻሳ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፤ ‘በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ’ የሚለው ላይ።”

ኦቦ ደቻሳ እስክሪብቶውን ተቀበሉ። እጃቸው ወረቀቱ ላይ ቆየ። ተረፈች ሰፌዱን አምጥታ ቅጹ ላይ አስቀመጠችው።

“ልጄ፣ እስቲ ይሄን ለዪ።”

“ክክ አይደል? ምኑን ልለየው?”

“ይሄ አተር ነው። ይሄኛው አባቴን በዱላ ያስኬደው ነው። ሦስት ወር በልተውታል።”

ሀሴት ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ሰልፉን እንደ አዲስ አየችው። ኦቦ ደቻሳ እስክሪብቶውን መለሱላት።

“እድሩ አልተረከበም ብለሽ ጻፊ።”

“ኦቦ፣ ይህን ከጻፍኩ የሚቀጥለው ወር…”

“አውቃለሁ። ጻፊ።”

የዚያን ቀን ሰባው ሰው ዳቦ በሚጥሚጣ በላ። ተረፈች መሐላቸው ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። እማማ በቀለች ዳቧቸውን ነጠላቸው ውስጥ ጠቀለሉ። ቦሩ ብቻ ቀና ብሎ ጠየቃት፦

“ይመለሳል?”

የአባቷ እግር አልተመለሰም። ሌላ ዳቦ አንስታ ፊቱ አስቀመጠችለት። ቦሩ ዳቦውን ሳይነካ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ።

ጓዳ ስትመለስ ሀሴት ስልኳን ይዛ አገኘቻት።

“እትዬ፣ ከዚሁ መጋዘን ለቡራዩና ለሱሉልታ መመገቢያዎችም ክክ ሄዷል።”

“ያስፈጫሉ?”

“ሁሉም ያስፈጫሉ።”

“ስንት ሰዓት ነው?”

“ሰባት ተኩል።”

ሀሴት ለቡራዩዋ ወጥ ሠሪ ለአረጋሽ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አደረገችው። የሰሃን ኳኳታ ጓዳውን ሞላው።

“አቤት ሀሴትዬ! አሁን ዕቃ እያጠብን ነው። ዛሬ ሽሮው እንዴት እንደጣፈጣቸው ብታይ፤ አንድ ሰው ሳይቀር ደገመ እኮ!”

ተረፈች ስልኩን ከሀሴት እጅ ወሰደችና ስሟን ተናገረች፤ ከዚያ የቀረውን ተናገረች። ወዲያ ማዶ የሰሃኑ ኳኳታ ቀስ በቀስ ቆመ።

ወደ ሱሉልታ ደወሉ። ይጠራል፤ አይነሳም። እንደገና ደወሉ።