በጾም የሰማነው ክራር

እኛ ቤት በዐቢይ ጾም ክራር አይሰማም ነበር። እናቴ ያሳደገችኝ በገና ለጾም፣ ክራር ለሠርግ ነው ብላ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ሬዲዮ ከጎረቤት ቀድመን ነው ያስገባነው። ከቅበላ ማግስት እስከ ትንሣኤ ግን ሬዲዮው ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጥና ለዜና ብቻ ይከፈታል። እኔም ሳገባ፣ ልጅ ስወልድ፣ በኋላም ባሌን ስቀብር ይህንኑ ይዤ ቀጠልሁ።

ስለዚህ ልጄ አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጥታ «እማ፣ አንድ ነገር ላሰማሽ፤ ግን እንዳትቆጪ» ስትለኝ ገና ሳልሰማው ተቆጣሁ። ጾሙ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር።

«ዘፈን ነው?»

«ዘፈን አይደለም።»

«መዝሙር ነው?»

«መዝሙርም... አላውቅም እማ። ስሚውና አንቺ ንገሪኝ።»

ዘፋኙን አውቀዋለሁ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንጋፋ የባህል ዘፋኝ ነው፤ በሠርጌ ድንኳን ውስጥ ሲጨፈር ያደረው በእሱ ካሴት ነው። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ጠፋ። ታመመ ተባለ፣ መነነ ተባለ፣ ሞተም ተብሎ ነበር። አሁን ሸምግሎ አዲስ አልበም አውጥቷል። ከበሮ የለው፣ ኪቦርድ የለው፣ ተቀባይ የለው። አንድ ክራርና አንድ ሽማግሌ ብቻ።

ከፈተችው፤ «ማረኝ፣ ማረኝ» ሲል ሰማሁ። «ዝጊው» አልኳት። ዘጋችው። ልጄ አትከራከረኝም፤ ዝም ስትል ግን ዝምታዋ ይከራከረኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠብቄ ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ በጾም ክራር መስማት ኃጢአት ነው?»

«ማን ነው የሚመታው?»

ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ። «እሱማ የወንድሜንም ሠርግ አሙቆታል። አሁን ምን ይላል?»

«ማረኝ ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ብዙ አይልም አባ።»

«እንግዲህ ልጄ፣ የሚያስጸልይሽ ከሆነ ስሚው። ትከሻሽ መነቅነቅ ከጀመረ ግን ስልኩን ወዲህ አምጪው፤ እኔ እቀጣዋለሁ» ብለው ስቀው ሄዱ። እኔ አልሳቅሁም። ፈቃዱን አግኝቼም ፍርሃቱ ከሆዴ አልወጣም። ካህን የፈቀደውን እናቴ ከመቃብር የምትከለክለኝ ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት ከልጄ ጋር ሰማነው። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው የምኖረው፤ እጄም እግሬም ሥራ ላይ ነው። ሰውየው ግን ድምፁን እጅግ ዝቅ አድርጎ ስለሚዘፍን የስፌት መኪናው ካልቆመ አይሰማም። እግሬን ከፔዳሉ አነሣሁ። ጣቱ ከጅማት ወደ ጅማት ሲሄድ ይሰማል። የተቀመጠበት ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። አንዱ ዘፈን ላይ ጠዋት ዓይኑ ስለተገለጠ ያመሰግናል፤ በዚያ ሁሉ ዘፈን የሚያመሰግነው ለዚህች ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ይጀምርና መካከል ላይ ያቆማል። ክራሩም ይቆማል። ትንፋሹ ብቻ ይሰማል፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ። ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። ስሕተት መስሎኝ ነበር። ልጄ «ሆን ብሎ ነው» አለችኝ።

እግዚአብሔርን በስሙ አይጠራውም። «አንተ» ብቻ ይለዋል፤ ፊት ለፊቱ እንደተቀመጠ ሰው።

ወደድኩት። እንዳልወደው ፈልጌ ነበር፣ ግን ወደድኩት። ለልጄም «ይሄ ያረፈ ሰው ድምፅ ነው» አልኳት። ዓለምን ጠግቦ፣ ጨርሶ፣ ሰላም ያገኘ ሰው መሰለኝ። እሷ ትንሽ አሰበችና «እንጃ» አለች። በዚያው ሳምንት በስልኳ ድምፁ እንደማይሰማት ስትነግረኝ፣ ጆሮ ውስጥ ጥብቅ የሚል ማዳመጫ ገዛሁላት። የገዛሁላት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ማንም ስለጠየቀኝ አይደለም።

የምንኖረው ድሬ ነው። ቤታችን ቀፊራ በሚባለው ሰፈር በኩል ነው፤ የልጄ ትምህርት ቤት ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው። በመካከል ደቻቱ አለ። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ዳር ዳሩን ሸራ ዘርግቶ ይሸጥበታል። ድልድዩ ስለሚያዞር ተማሪ ሁሉ በአሸዋው ያቋርጣል። የድሬ እናት ግን ሰማይ የምታየው ከራሷ በላይ አይደለም፤ ወደ ደንገጎ ተራራ ነው የምታየው። እዚህ ጠብ ሳይል እዚያ ከዘነበ ውኃው በድንገት ይደርሳል። በልጅነቴ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ሰዎች አሸዋውን በእንጨት እየወጉ ዘመዳቸውን ሲፈልጉ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ተራራው ሲጠቁር እጄ ይቀዘቅዛል።

ያን ቀን ሐሙስ ነበር። ልጄ ለማጠናከሪያ ትምህርት ከምሳ በኋላ ሄዳ በዐሥር ሰዓት ትወጣለች። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ፀሐይዋ ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብላለች። ልብስ ላሰጣ ስወጣ ተራራውን አየሁት። ተራራው የለም። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሆኗል።

ደወልኩላት። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሣችም። እንደገና ደወልኩ። አሁን የሰማሁት የቴሌዋን ሴት የተቀዳ ድምፅ ነው፤ የደወልኩላቸው ደንበኛ አይገኙም አለችኝ። ሰዓቱን አየሁ፤ ዐሥር ሰዓት ካለፈ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል። ከትምህርት ቤቱ እስከ አሸዋው ሃያ ደቂቃ ነው።

በሩን አልዘጋሁም። በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። አንድ እናት ስትሮጥ ሰው መንገድ ይለቅላታል፤ ባጃጆቹ እንኳ ቆሙልኝ። ወንዙ ሳይታየኝ ድምፁ መጣ። የጎርፍ ድምፅ የውኃ ድምፅ አይደለም፤ ብዙ ከባድ መኪና ባንድነት ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ነው። እግሬ የሮጠው ወደዚያ ነው፣ ሆዴ ግን ወደ ኋላ ይጎትተኛል፤ ደርሼ እንዳላይ።

ስሮጥ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ክራሩ ነው። ካህን ጠይቄ፣ ፈቃድ አስወጥቼ፣ ማዳመጫ ገዝቼ፣ በጾም ልጄ ጆሮ ውስጥ ክራር የከተትኩ እኔ ነኝ። ስለት ልሳል አልኩ፤ የምስለው ጠፋኝ። ከአፌ የምትወጣው «ማረኝ» ብቻ ነበረች።

ስደርስ ደቻቱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ውኃው ቡና ቀለም ነው፤ ግንድ፣ ጀሪካን፣ የማላውቀው ሰው በር ይዞ ይወርዳል። ሰው ዳሩ ላይ ተደርድሮ ያያል። አንዱን ጎልማሳ ክንዱን ያዝኩት።

«ተማሪ አይተሃል? ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ነጭ ሸሚዝ?»

«አንዲት ልጅ አሸዋው መሀል አይቼ ነበር» አለኝ። ቀጥሎ ፊቴን አየና «ግን አላውቅም፣ እናቴ። አላውቅም» አለ።

አልወደቅሁም፤ መሬቱ ነው ወደ እኔ የመጣው።

«እማ!»

ዞር አልኩ። ከዳሩ ከፍ ብሎ ካለ ግንብ ሥር፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ነጭ ሸሚዟ ከደረቷ እስከ ትከሻዋ ቀይ ነው። የሆነው ሁሉ በዚያ ቀይ ላይ ቆመብኝ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሸሚዟን ገልጬ ቁስሉን ፈለግኩ።

«ቲማቲም ነው!» አለች ከጎኗ የቆመች ሴት። «ደም አይደለም አቦ፣ ቲማቲም ነው። እኔ ነኝ የመታኋት።»

በዕድሜ እኩያዬ ናት። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፣ ድምፅዋ ተሰንጥቋል። ዳሩ ላይ ቲማቲም ሸጣ የምታድር ናት። ልጄ እየተንቀጠቀጠች ነበር፤ የነገረችኝ ሴትዮዋ ናት።

«ውኃው ሲመጣ ሰማነው። ሁላችን ዕቃ አነሣን። ልጅሽ ግን አሸዋው መሀል አንገቷን ደፍታ ቀስ እያለች ትመጣለች፣ እንደ ሙሽራ! በኦሮምኛ ቁሚ አልኩ። በሶማሊኛ ሩጪ አልኩ። በአማርኛ ሰደብኳት። ምንም! ደንቆሮ ናት ወይ አልኩ። ከዚያ ቲማቲም መወርወር። አራተኛው ነው ያገኛት። ቀና አለች፣ አየች፣ ያንን ነገር ከጆሮዋ ነቀለች፣ ሮጠች። በፀጉሯ ነው ጎትቼ ያወጣኋት። ስልኩ አሸዋው ላይ ወድቆ እየጠራ ውኃ ወሰደው፤ ይሂድ። ጾሜን እንዲህ ስጮህ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ወላሂ።»

ያ ዓመት የእነሱ ረመዳንና የእኛ ጾም የገጠመበት ነበር። ከንፈሯ ነጭ ብሎ ደርቋል። እግሯ ላይ ወደቅሁ። አነሣችኝ።

«ተይ፣ ተይ። ለአላህ ነው የሚሰገደው። እኔ ቲማቲም ነው የወረወርኩ።» ቀጥላ ወደ ልጄ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ምን ዓይነት ጭፈራ ነው ጎርፍ የማያሰማ? ነፍስሽን ሊበላ የነበረውን እስቲ ልስማው።»

«ጭፈራ አይደለም» አለች ልጄ፤ ከደረስኩ ወዲህ ሁለተኛ ቃሏ ነው።

ልጄ አልበሙን በእኔም ስልክ ላይ ጭናልኝ ነበርና ስልኬን አወጣሁ። ሦስተኛውን ዘፈን ከፈትኩላት። ሴትዮዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች፣ ሌላውን ጆሮዋን በእጇ ደፈነች።

«ይሄ ነው? ይሄ? ትንኝ ከዚህ ትጮሃለች!»

ልጄ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። ሴትዮዋ ግን ስልኩን አልመለሰችም። ውኃው እያገሳ፣ ሰው እየጮኸ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ቆማ ትሰማለች። ሰውየው የሚያቆምበት ቦታ ላይ ሲደርስ አወቅሁ፤ እሷም ትንፋሽዋን ያዘች። እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ይሄ ሰውዬ ፈርቷል» አለች።

«ማንን?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ጾመኛ አይደለሽ!» ብላ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠች። «ቅድም እዚህ ስትደርሺ እንዲህ ነው የተነፈስሽው። እንደዚሁ። ሰው ልጁን ሲፈልግ እንዲህ ይተነፍሳል። እሱም የሚፈልገው አለ።» ሣጥኗን አነሣችና «በሉ ሂዱ፣ ልጂቱ በርዷታል። እኔም አፍጥር ሳይደርስብኝ ልሂድ» አለችን።

ስሟን ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም። በጸሎቴ ግን በየቀኑ እጠራዋለሁ፤ ይፈቀድ አይፈቀድ አባን አልጠየቅኋቸውም።

በማግስቱ ትምህርት አለ። ልጄ ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትወጣ «በድልድዩ ነው የምሄደው» አለችኝ። «እግዚአብሔር ካንቺ ጋር» አልኳት። ስልክ የላትም። ስለዚህ እስክትመለስ ድረስ ደኅና ትሁን አትሁን የማውቅበት መንገድ የለም። ተራራው ንጹሕ ነበር። ቢሆንም አሥር ጊዜ ወጥቼ አየሁት።

ወደ ስድስት ሰዓት ሲጠጋ አልበሙን ከመጀመሪያው ከፈትኩት። ይኸው ዘፈን፣ ይኸው ክራር ነው፤ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ያረፈ ሰው ያልኩት አላረፈም። ዓይኔ ተገለጠ ብሎ የሚያመሰግነው ላይገለጥ እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። ድምፁን ዝቅ ያደረገው ስለሸመገለ መስሎኝ ነበር፤ አጠገቡ ያለውን ስለሚፈራ ነው። የሚፈራውንም ይወደዋል፤ ባይወደው ኖሮ ዝም ይል ነበር። ያቆመበት ቦታ ላይ ሲደርስ ነጠላዬን አስተካክዬ ብድግ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ቆሜ ሰማሁት።

የበሩ መቀርቀሪያ ተንኳኳ።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ቆመሻል?» አለች ልጄ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ እያወረደች።

ጫማዋን አየሁ። ደረቅ ነው፤ አሸዋ የለበትም።

«ምሳ ቀርቧል» አልኳት።